ይክበድ፣ ግን በቦታው፦ ስለ ፋርማሲ ትምህርት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
ለጤና ሚኒስቴር
ፋርማሲ ለሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች በሙሉ
ግልባጭ፦ ልጃቸው ፋርማሲ ሊመርጥ ላሰበ ወላጆች

ጉዳዩ፦ የፋርማሲ ትምህርት ሸክም የት ላይ ማረፍ እንዳለበት ስለ ማመልከት

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። መድኃኒት አድላለሁ፣ ዎርድ እዞራለሁ፣ በየዓመቱ ደግሞ ለአታችመንት (ለተግባር ልምምድ) የሚላኩ የፋርማሲ ተማሪዎችን እቀበላለሁ። ከሦስቱ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የመጨረሻው ነው።

የፋርማሲ ትምህርት ከባድ ነው። መክበድም አለበት። አቅልሉልን የሚል አቤቱታ ይዤ አልመጣሁም። አቤቱታዬ ሌላ ነው። ተማሪው አምስት ዓመት ሙሉ ከሚሸከመው ሸክም ግማሹ ለታማሚው የሚጠቅም አይደለም። በሽምደዳ ወገቡ ይጎብጣል፤ አልጋ አጠገብ ሲደርስ ግን ጠያቂ የለውም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። "መድኃኒት ለመሸጥ አምስት ዓመት?" የሚል ሰው ብዙ ነው። ጎረቤት ይላል፣ አጎት ይላል፣ አንዳንዴ የሕክምና ተማሪም ይላል። አልቀየማቸውም። ከመስኮቱ ማዶ ሆነው የሚያዩት፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ፓኬት አንስቶ "አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ማታ" ሲል ነው። ይህን ለማለት በእርግጥ አምስት ዓመት አያስፈልግም። አምስት ዓመት የሚፈጀው "ይሄ መድኃኒት ለእርስዎ አይሆንም፤ ትንሽ ይቆዩ፣ ለሐኪሙ ልደውል" ለማለት ነው።

እስቲ ከሥራችን አንድ ሒሳብ እንይ። 3.2 ኪሎ የሚመዝን አራስ ልጅ ጄንታማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ታዘዘለት እንበል። በኪሎ 5 ሚሊግራም ብናሰላ 16 ሚሊግራም ይመጣል። እጃችን ላይ ያለው አምፑል 80 ሚሊግራም በ2 ሚሊሊትር ነው። ስለዚህ ልጁ የሚወጋው 0.4 ሚሊሊትር ነው። ነጥቧ አንድ ቦታ ከሸሸች 4 ሚሊሊትር ይሆናል። ይህ 160 ሚሊግራም ነው፤ ሁለት ሙሉ አምፑል፣ አሥር እጥፍ። ጄንታማይሲን ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል፣ ጆሮም ያደነቁራል። ሒሳቡን የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ከባዱ ነገር ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ነርሷ ፊትህ ቆማ፣ የልጁ እናት በር ላይ ሆና እያየችህ፣ ሳትሳሳት መሥራቱ ነው።

ይህ እንግዲህ ቀላሉ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው የሚወስደውን ፌኒቶይን ውሰዱ። ጉበት ይህን መድኃኒት የማስወገድ አቅሙ ቶሎ ይሞላል። ከሞላ በኋላ ዶዙን "ትንሽ ጨመር" ብታደርገው በደም ውስጥ ያለው መጠን ትንሽ ጨምሮ አይቆምም፤ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሰውየው እየተንገዳገደ ይመጣል፣ ዓይኑ ይርገበገባል፣ ቤተሰቡ በሽታው የባሰበት ይመስለዋል። ይህን ለመረዳት ባዮኬሚስትሪ ያስፈልጋል፣ ፊዚዮሎጂ ያስፈልጋል፣ ፋርማኮካይኔቲክስ፣ ማለትም ሰውነት መድኃኒትን እንዴት እንደሚቀበልና እንደሚያስወግድ ማወቅ፣ ያስፈልጋል። በአንድ ሌሊት የሚጠና ነገር አይደለም።

የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ደግሞ ጉበትን ያነቃቃና ሌሎች መድኃኒቶች ቶሎ እንዲወገዱ ያደርጋል። ስለዚህ የኤችአይቪ መድኃኒቱን ዶሉቴግራቪርን የሚወስድ ሰው ቲቢ ሲይዘው ዶሉቴግራቪሩ 50 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይሆናል። የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ሪፋምፒሲን ስትጀምር እንክብሉ ላይሠራላት ይችላል። ሐኪሙ ወረፋ በዝቶበት ከረሳው፣ ይህን የሚነግራት የመጨረሻው ሰው መስኮቱ ላይ ያለው ነው። ስሞቹ ራሳቸው ሌላ ፈተና ናቸው። ክሎርፕሮማዚን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው፤ ክሎርፕሮፓማይድ የስኳር። አሚትሪፕቲሊን ሌላ፣ አሚኖፊሊን ሌላ። በአንዳንድ ሐኪሞች የእጅ ጽሑፍ ደግሞ አራቱም አንድ ናቸው!

ስለዚህ ይክበድ። ይህን ሁሉ ሳያውቅ የሚመረቅ ልጅ እናቴ ፊት እንዲቆም አልፈልግም።

አሁን ወደ ጉዳዬ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። ለረጅም ዘመን ትምህርቱ አራት ዓመት ነበር። ትኩረቱም መድኃኒቱ ራሱ ላይ ነበር፤ ከምን ይቀመማል፣ እንዴት ይመረታል፣ ጥራቱ በምን ይፈተሻል። በኋላ የዓለም ፋርማሲ ወደ ታማሚው ዞረ፣ እኛም ዞርን። አራቱ ዓመት አምስት ሆነ። ክሊኒካል ፋርማሲ መጣ፣ ተማሪው ዎርድ ገባ። ጥሩ እርምጃ ነበር። አምስቱ ዓመት ባሕር ማዶም ጠቅሟል፤ ከ2003 እ.ኤ.አ. መግቢያ ወዲህ ተመርቆ አሜሪካ ውስጥ በሙያው መሥራት የሚፈልግ የውጭ አገር ፋርማሲስት ቢያንስ የአምስት ዓመት ትምህርት እንዳለው ማሳየት ግድ ነው።

ችግሩ፣ አዲሱ ሲገባ አሮጌው አልወጣም። እኔ እንደማየው ሥርዓተ ትምህርቱ በተከለሰ ቁጥር የሚጨመር እንጂ የሚቀነስ ነገር የለም። የዛሬ ተማሪ ግማሽ ኬሚስት፣ ግማሽ ሐኪም፣ ትርፍ ሰዓቱን የመጋዘን ኃላፊ እንዲሆን ይጠበቅበታል። ፋርማኮሎጂ አለ፣ ሜዲሲናል ኬሚስትሪ አለ፣ ፋርማሱቲክስ አለ፣ ፋርማኮግኖሲ አለ፣ የመድኃኒት ትንተና አለ፣ ቴራፒውቲክስ አለ፣ የአቅርቦት አስተዳደር አለ፣ ሕግና ሥነ ምግባር አለ፣ መመረቂያ ጥናት አለ። አንዳቸውም አላስፈላጊ አይደሉም። ሁሉም ግን እኩል አያስፈልጉም። ሁሉም ላይ እኩል መሸምደድ ደግሞ ጤነኛ ነገር አይደለም።

በብሎክ የሚሰጥ ከሆነማ አታንሱት። ሌላው ሙሉ ሴሚስተር የሚማረውን ኮርስ በጥቂት ሳምንት ይጨርሱታል። ሰኞ የተጀመረ ምዕራፍ ዓርብ ፈተና ይሆናል። የልብ መድኃኒቶችን የተማሩበትን ሳምንት አስታውሰው ስለ አንዱ መድኃኒት ስትጠይቋቸው "እሱን እኮ ጨርሰነዋል" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ጨርሰውታል። ከጭንቅላታቸውም ጨርሰው አውጥተውታል።

የፋርማሲ ተማሪዎች ዶርም መብራት አይጠፋም ይባላል። መብራት ኃይል ካላጠፋው በቀር። ከሲኒየር ወደ ጁኒየር የሚወራረስ የድሮ ፈተና አለ፣ በቴሌግራም የሚዞር ሃንድአውት አለ፣ ትራስ የሚያህል የፋርማኮቴራፒ መጽሐፍ በሶፍት ኮፒ ስልክ ላይ አለ። ልጁ በዚያች ጠባብ ስክሪን ላይ እየተንቀዋለለ የፔኒሲሊንን ኬሚካላዊ ቀለበት ይሥላል፣ የፔኒሲሊን ዘመድ የሆኑትን የሴፋሎስፖሪን አንቲባዮቲኮች ትውልድ ይቆጥራል። ሲሸመድድ ያድራል፣ ጠዋት ይፈተናል፣ ማታ ይረሳል። እንዲህ አድርጎ ጥሩ ጂፒኤ ይዞ የሚመረቅ አለ። እንዲህ ማድረግ አቅቶት ግን የሚያስብ ልጅ ዲስሚስ ሆኖ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ማየት ያማል።

የቀለበቱን ቅርጽ ማወቅ አይጠቅምም አላልኩም። አንዷ የፔኒሲሊን አለርጂ ያለባት ሴት ሴፋሎስፖሪን ቢሰጣት ምን ሊሆን እንደሚችል የሚገባህ ያንን ቀለበትና ጎኑ ላይ የተንጠለጠለውን ስታውቅ ነው። ግን ፈተናው ይህን አይጠይቅም። ፈተናው "ከሚከተሉት ውስጥ የሁለተኛው ትውልድ የሆነው የቱ ነው?" ይላል። ይህን ስልክ በሁለት ሰከንድ ይመልሰዋል።

ላብራቶሪውን በተመለከተ፣ የተማርኩበትን ዩኒቨርሲቲ ስም አልጠራም። የመድኃኒት ጥራት መመርመሪያ ኤችፒኤልሲ ማሽን ነበረን። ፕላስቲክ ለብሶ፣ ክፍል ተቆልፎበት። የምናውቀው በመስኮት ነው። ኮለም የለውም ተባልን፣ ቀጥሎ ሪኤጀንት አልተገዛም ተባልን፣ ቀጥሎ የሚያውቅ ቴክኒሻን ለቋል ተባልን። ኮርሱን ግን ተምረናል፤ በጥቁር ሰሌዳ። የማሽኑን ክፍሎች በቅደም ተከተል ጽፈን ኤ ያመጣን ነበርን። አሁን የሚመጡትን ተማሪዎች ስጠይቃቸው የብዙዎቹ ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ቂሊንጦ ላይ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ የገነባች አገር፣ የመድኃኒት ፋብሪካ ሠራተኞቿን በሰሌዳ ማሠልጠን የለባትም።

ፋርማኮግኖሲንም ላንሳ፤ ልቤ ያለበት ኮርስ ነው። የዕፅዋት መድኃኒት ትምህርት ነው። በተግባር የሚሰጠው የላቲን ስም ዝርዝር ሆኖ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ውሃ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ከዚያ ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጡ። ፋርማሲስት አልነበሩም። ግን አጎንብሰው አዩ። የእኛ ተማሪ ስለ እንዶድ ሳይንሳዊ ስሙን ያውቃል። መርካቶ ወርዶ ኮሶ የምትሸጠውን ሴትዮ "እናቴ፣ ለማን ነው የምትሰጪው? ስንት ነው የምትሰፍሪለት?" ብሎ ጠይቆ አያውቅም። የእኛ ታማሚዎች ደግሞ ከእኛም ከእሷም ይወስዳሉ። ለሐኪም አይናገሩም፤ ይቆጣናል ብለው ይፈራሉ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን አታችመንቱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

አንድ የሁዳዴ ጾም ወቅት አንዲት የአምስተኛ ዓመት ተማሪ አብራኝ ነበረች። የልብ ቫልቭ የተቀየረላቸው አንዲት እናት ለክትትል መጡ። ዋርፋሪን ይወስዳሉ፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መድኃኒት ነው። ለወራት ደህና የነበረው አይኤንአር፣ ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው መለኪያ፣ ወርዷል። ይህ ማለት ደማቸው ቫልቩ ላይ ሊረጋ ይችላል ማለት ነው፤ ከዚያ ስትሮክ ነው። ተማሪዋ ጎበዝ ናት። ወዲያው ጥያቄዋን ጀመረች።

"እማማ፣ ስፒናች ይመገባሉ?"

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?"

"ብሮኮሊስ?"

"ኧረ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም።"

ተማሪዋ ቅጹ ላይ "የምግብ መስተጋብር የለም" ብላ ጻፈች። መድኃኒቱን ዘለው ይሆናል ወደሚለው ልታልፍ ስትል ጣልቃ ገባሁ።

"እማማ፣ በጾሙ ምን ይበላሉ?"

"ምን አለ ልጄ፤ ሽሮ ነው፣ ጎመን ነው።"

"ጎመኑን በየቀኑ?"

"አንዳንዴ ምሳም እራትም እሱ ነው። ምን ይደረግ፣ ኑሮ ተወዷል።"

ጎመን ውስጥ ቫይታሚን ኬ ሞልቷል። ቫይታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ያከሽፋል። መፍትሔው ጎመን መከልከል አይደለም። መጠኑን እኩል አድርገው ቢበሉ፣ ጾም ሲገባና ሲፈታ ደግሞ ቀድመው መጥተው ደማቸውን ቢለኩ ይበቃል። ተማሪዋ የመጽሐፉን ዝርዝር ከነቅደም ተከተሉ ታውቀዋለች። ዝርዝሩ የአሜሪካ ሰው ሰሃን ነው። የእኛን ሰሃን ማንም አብሯት አላየም። ከእኔ ጋር ያቺን ሳምንት እስክትመደብ ድረስ መምህሯ ታማሚ አጠገብ አብሯት ቆሞ አያውቅም፤ አታችመንት ማለት ጠዋት መፈረም፣ ከሰዓት ሪፖርት መጻፍ ሆኖባታል።

ጾም ካነሣን አይቀር፣ ስኳር ላለበት ሰው "ግሊቤንክላማይድ ከቁርስ በፊት" ብለን እንጽፍለታለን። ሰውየው ቁርስ የለውም፤ እስከ 9 ሰዓት ይጾማል። መድኃኒቱን በታዘዘው መሠረት ጠዋት ይውጠዋል፣ እኩለ ቀን ላይ ስኳሩ ወርዶ ይወድቃል። ረመዳን ላይም ይኸው ነው። ቄሱንም ሼኩንም ሳያስቀይሙ ከታማሚው ጋር ሰዓት መደራደር የፋርማሲስት ሥራ ነው። የትኛው ኮርስ ላይ ነው የሚማሩት? "የተግባቦት ክህሎት" የሚባለው ላይ መሰለኝ፤ እሱም ትርጉሙንና ዓይነቶቹን ዘርዝሩ በሚል ነው የሚፈተነው።

እንዲህ ስል መምህራኑን ወይም ሆስፒታሎቹን መውቀሴ አይደለም። እኛ ተቀባዮቹም የራሳችን ሥራ አለን። መስኮቱ ላይ ወረፋው በሩ ድረስ ነው፣ ስቶር ቆጠራ አለ፣ ከመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የመጣ ዕቃ መረከብ አለ። በዚህ መሃል ተማሪዎች ከነደብዳቤያቸው ይመጣሉ። ተማሪ ማስተማር በሥራ ዝርዝሬ ላይ የለም። ጊዜ አልተመደበለትም፣ ክፍያም የለውም፣ የማስተምረውን የሚቆጣጠርም የለም። ስለዚህ አንዳንዱ ባለሙያ ተማሪውን መድኃኒት ያስደረድረዋል፣ አንዳንዱ "ሂድ አጥና፣ እፈርምልሃለሁ" ይለዋል። አልፈርድባቸውም። ግን ከአምስት ዓመት ሁሉ ከባድ መሆን የነበረበት ይህ ወቅት ነው። ለብዙ ተማሪዎች ግን የመጨረሻው ዓመት እንደ እረፍት የሚታይ ነው። እረፍት ያልሆነውም በኤግዚት ኤግዛም ጭንቀት ምክንያት ነው።

ስለ ኤግዚት ኤግዛሙ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ ይፈተናል፤ 50 በመቶ ያላመጣ አይመረቅም። ሐሳቡን እደግፋለሁ። አገር አቀፍ መለኪያ ያስፈልግ ነበር። ነገር ግን በኮምፒውተር የሚሰጥ የምርጫ ፈተና ነው። ያ የጄንታማይሲን ሒሳብ በምርጫ ሲመጣ 4 ሚሊሊትርም 0.4 ሚሊሊትርም እዚያው ተጽፈው ይቀርባሉ፤ የገመተም ሊያገኝ ይችላል። እውነተኛው ሥራ ላይ ምርጫ የለም፤ ሲሪንጅ ብቻ ነው ያለው። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ኦስኪ የሚሉት ፈተና አላቸው። ተማሪው ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረ፣ ፊት ለፊቱ ታማሚ ሆኖ የሚተውን ሰው እያናገረ፣ እጁ ሲሠራ እየታየ ይፈተናል። ፋርማሲ ይህ ያስፈልገዋል። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ስሕተቱ ግን የበለጠ ውድ ነው።

ደግሞ መግቢያው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪው አንደኛ ዓመት የፍሬሽማን ኮርሶችን ይወስድና በውጤቱ የትምህርት ክፍል ይመርጣል። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2። ስለዚህ አሁን ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የሚገቡት በጣም የታገሉ ልጆች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ፋርማሲ የሚደርሳቸው ብዙዎቹ አንደኛ ምርጫቸው ሜዲስን ነበር። ለጥቂት ነጥብ አጡት፣ ቀጥሎ የነበረውን ሞሉ። ሙያው ምን እንደሆነ የነገራቸው የለም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪው ሲመጣ "እኔ ለዚህ አልነበረም እኮ የመጣሁት" ይላሉ። ልጅን በማያውቀው ነገር አምስት ዓመት ማስለፋት ተገቢ አይደለም። ኮሮናና ጦርነት ሴሚስተር የበላባቸውማ አምስቱም ስድስት ሰባት ሆኖባቸዋል።

ከተመረቁ በኋላ ያለውን በሰፊው አላነሣም፤ ሌላ ደብዳቤ ይሆናል። ቀድሞ ምደባ ነበር፣ ዛሬ ማስታወቂያ አሳዶ መወዳደር ነው። ሥራ ፈትቶ ቤተሰብ ላይ የተቀመጠ ፋርማሲስት በየሰፈሩ አለ። በዚያው ሰፈር ደግሞ ምንም ያልተማረ ሰው መስኮት ላይ ቆሞ ሴፍትሪአክሶን ይሸጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በጥንቃቄ ተጠቀሙ ብሎ የለየው አንቲባዮቲክ ነው። ወላጆች ይህንንም ሰምታችሁ ምረጡ፤ ለዚያ ነው ግልባጭ ያደረግኩላችሁ።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። ትምህርት ሚኒስቴርና ዩኒቨርሲቲዎቹ ሥርዓተ ትምህርቱን ሲከልሱ ምን እንጨምር ብለው ብቻ አይቀመጡ፤ ምን እናውጣ ብለውም ይቀመጡ። ዝርዝር የሚጠይቀውን ፈተና ቀንሱ፤ መጽሐፉን ክፍት አድርጉና የታማሚ ታሪክ ስጡት፣ ያኔ ላቡ ጠብ ይላል። የፋብሪካ ፍላጎት ያላቸውን ከሦስተኛ ዓመት በኋላ ለይታችሁ የምር ማሽን ያለበት ቦታ ላኳቸው፤ ሌላውን ስለማያየው ማሽን አታስጨንቁት። ዋርፋሪንንና ጎመንን፣ ኮሶንና ጾምን ማስተማሪያ ጽሑፍ ውስጥ አስገቡ። ይህን የሚጽፍ መምህር አገር ውስጥ አለ፤ ጊዜና ወረቀት ስጡት።

ጤና ሚኒስቴር ደግሞ የአታችመንት አስተማሪነትን እንደ ሥራ ይቁጠርልን። ደመወዝ ጨምሩ ማለቴ ብቻ አይደለም፤ እሱን ብትጨምሩ ግን ማንም አይቀየምም። ተማሪ የሚቀበል ፋርማሲስት በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ከመስኮቱ ይነሣ። በዚያ ሰዓት ዎርድ ይግባ፣ ተማሪዎቹን ይዞ። የሚቀበላቸው ተማሪ ቁጥር ይወሰን። ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን ሲልክ መምህሩንም ይላክ፤ ቢያንስ አልፎ አልፎ። የክትትል ቅጹ ላይ ፊርማ ብቻ ሳይሆን "ተማሪው ዛሬ ያስተካከለው የሕክምና ስሕተት" የሚል አንድ መስመር ይኑር። ባዶ ከሆነ ለምን ባዶ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኑር። በሆስፒታል የመድኃኒት አገልግሎት ላይ ቁጥጥር አይቻልም ይባል ነበር። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ላይ ኤፒቲኤስ በሚባለው፣ የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት ኦዲት እንዲደረግ በሚያስችለው አሠራር ተጀመረ፣ ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች መድኃኒቱ ከነሒሳቡ ይታወቃል። ለፓራሲታሞል የተቻለ ቁጥጥር ለተማሪ አያቅትም።

ሌላው ሁሉ በጀትና ኮሚቴ ይፈልግ ይሆናል። ለፍሬሽማን ተማሪዎች ምርጫ ከመሙላታቸው በፊት ስለ ሙያው የሚሰጥ የግማሽ ቀን ገለጻ ግን ምንም አይፈልግም። አዳራሹ አለ፣ ማይኩ አለ። አንድ ከሆስፒታል፣ አንድ ከፋብሪካ፣ አንድ ሥራ ያጣ ተመራቂ ይጋበዝ፤ ሦስቱም የሚያውቁትን ይናገሩ። ለዘንድሮው ምርጫ ይደርሳል። ከሆስፒታል ተናጋሪ ከጠፋ እኔ በራሴ ትራንስፖርት እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራ ፋርማሲስት